ቤዝ ውስጥ ያለ ዴይኬር ልቀጠር ነው፣ ባክግራውንድ ቼኩ ያስጥለኝ ይሆን?

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ሰላም ለሁላችሁ። ፎርት ቤልቮር የሚባለው የጦር ሠራዊት ቤዝ ውስጥ የወታደር ልጆች የሚውሉበት ዴይኬር በረዳትነት ሊቀጥሩኝ ነው። ግን ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣራት) ማለፍ አለብሽ ተብያለሁ፤ የፎርሙ ብዛት አስደንግጦኛል። አሜሪካ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሜሪላንድ ነበርኩ፣ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ። የፓስፖርቴና የዲፕሎማዬ ስም አጻጻፍ አይገጥምም። አንዴ ደግሞ በፍጥነት ነድቼ ተቀጥቻለሁ። ይሄ ያስጥለኛል? እስኪያልቅስ ሥራ መጀመር ይቻላል?

የሕፃናት ክፍል ሠራተኛ
አይዞሽ እህቴ። መጀመር ይቻላል፣ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ግን ከልጅ ጋር ብቻሽን አትቀሪም። ቼኩ ያለቀለት ሠራተኛ ሁልጊዜ በዓይኑ ሊያይሽ ይገባል፤ ዳይፐር ስትቀይሪም፣ ልጅ ሽንት ቤት ስትወስጂም። እንድትለዪም ባጅ ወይም ቀለሙ የተለየ ልብስ ይሰጥሻል። አንዳንድ አዲስ ሰው «ተጠረጠርኩ እንዴ?» ብሎ ይከፋዋል። ለሁሉም ሰው ነው፣ የኮሎኔል ሚስትም ብትሆኚ ያው ነው። እንደውም አንቺንም ይጠብቅሻል፤ አንድ ልጅ ወድቆ ቢጎዳ ያየ ሰው አለ።

ሂውማን ሪሶርስ የሠራሁ
በፌዴራል መንግሥት ተቋማት ውስጥ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲጣራ የሚያዘው ሕግ የወጣው በፈረንጆቹ 1990 ነው። አሻራሽ ለኤፍቢአይ ይላካል። የኖርሽባቸው ስቴቶች መዝገብም ይታያል፣ ስለዚህ ቨርጂኒያ ብቻ ሳይሆን ሜሪላንድም ትጠየቃለች። ይሄ የሆነው በምክንያት ነው፤ የወታደር ቤተሰብ በየጊዜው ከቦታ ቦታ ይዛወራል፣ ዴይኬሮቹ ውስጥ የሚሠሩትም ብዙዎቹ የወታደር ሚስቶች ናቸው። አንድ ስቴት ብቻ ቢታይ ግማሹ ታሪክ ያመልጣል።

ኤስኤፍ 85 የሚባለው ፎርም የአምስት ዓመት አድራሻና ሥራ ይጠይቃል። አራት ዓመት ካልሽ የአዲስ አበባውም ይገባል ማለት ነው። በመሃል ክፍት ወር አትተዪ። ሥራ ያልነበረሽን ጊዜም «ሥራ አልነበረኝም» ብለሽ ሙዪው።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ ኦኤፍ 306 በሚባለው የቅጥር ፎርም ላይ 300 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ የትራፊክ ቅጣት አይጻፍም። በልጅ ላይ ከተፈጸመ ወንጀል ጋር በተያያዘ ተይዘሽ ወይም ተከሰሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ባይፈረድብሽም ይጠይቃል፣ ከዋሸሽ በሐሰት ምስክርነት እንደምትጠየቂ አውቀሽ ነው የምትፈርሚው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በትንሿ ነገር ሳይሆን ትንሿን ነገር በመደበቁ ነው። ስለ አንቺ የመጣውን የወንጀል መዝገብ ቅጂ የማግኘትና ስህተት ካለበት የመቃወም መብትም አለሽ።

ስሙ ላይ አትጨነቂ፣ እኛ ሐበሾች ሁላችንም ያለብን ጣጣ ነው። አንዱ ሰነድ ላይ በ«ዋይ» ሌላው ላይ በ«አይ» ተጽፏል፣ ወይ የአያት ስም አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። «የተጠቀምሽባቸው ሌሎች ስሞች» የሚል ቦታ አለ፤ ሁሉንም አጻጻፍ እዚያ አስገቢ። የልደት ቀን ላይ ደግሞ የኛን አቆጣጠር አታምጪ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ።

የወታደር ሚስት
እኔ ደግሞ በወላጅ ዓይን ስለ ትምህርት ቤቶቹ ልጨምር። ቤዝ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር አይደለም። ኳንቲኮ የሚባለው ሌላ ቤዝ ውስጥ ያለው የመከላከያ ሚኒስቴሩ ነው። ፎርት ቤልቮር ያሉትን የሚያስተዳድረው ግን የፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚሠራው የቨርጂኒያ ሕግ ነው፣ እሱም አሻራ ይጠይቃል። አብዛኛው የወታደር ልጅ የሚማረው እንዲህ ባለ ተራ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው።

ቼክ የሚያሳየው የተመዘገበን ነገር ብቻ መሆኑን አትርሱ። በልጅ ላይ ወሲባዊ ጥፋት የሠራን መምህር ዝም ብሎ አሰናብቶ፣ ደብዳቤ ጽፎ ለሌላ ትምህርት ቤት ማሳለፍ የነበረ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው የፌዴራል የትምህርት ሕግ ይህን ይከለክላል። እኔ ልጄን አዲስ ቦታ ሳስገባ «ቼኩ ገና ያላለቀ ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ? ማን ነው የሚቆጣጠረው?» ብዬ በቀጥታ እጠይቃለሁ። ደንግጠው የሚመልሱና ረጋ ብለው የሚመልሱ አሉ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የኪችን ሰው
አሻራ ከመስጠትሽ በፊት ባሉት ቀናት እጅሽን ቅባት ተቀቢ። ሳሙናና በረኪና ጣት ይበላል፣ አሻራው «አልተነበበም» ተብሎ ይመለሳል። ሁለቴ ከተመለሰ በስም ያጣሩልሻል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትንፋሼ ተመለሰ! አንድ ነገር ብቻ፣ ከአዲስ አበባ የፖሊስ ማስረጃ ላስመጣ?

ሂውማን ሪሶርስ የሠራሁ
ካልጠየቁሽ ገንዘብሽን አታባክኚ። ይልቅ በደንብ የሚያውቁሽ ሦስት ሰዎች አዘጋጂ። ዘመድ አይሆንም። ቢቻል አሜሪካ የሚኖሩ፣ ተደምረው አምስቱን ዓመት የሚሸፍኑ ይሁኑ። ደውለሽም ንገሪያቸው፤ የማያውቁት ቁጥር ሲጠራ የማያነሳው ሐበሻ ብዙ ነው።