በቁጥር የተሰየሙ የጠቅላላ ዕውቀት ዙሮች፦ ጥያቄዎቹን እንዴት እናዘጋጅ?

ጠያቂ፣ ከአራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጥቂት የሰፈር ጓደኞቼ አራት ኪሎ አካባቢ ለሚኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚካሄድ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር እያዘጋጀን ነው። ዙሮቹን እንደተለመደው በታሪክ፣ በሳይንስና በስፖርት ከመክፈል ይልቅ እያንዳንዱን ዙር በአንድ ቁጥር ለመሰየም አስበናል። አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድና አሥራ ሦስት የተባሉ ዙሮች ይኖሩናል፤ በየዙሩም ከልዩ ልዩ የዕውቀት ዘርፍ የተውጣጡ፣ ነገር ግን በዚያ ቁጥር የሚገናኙ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ሐሳቡን የሰጠን ሰፈራችን ራሱ ነው፤ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎ በኩል ስድስት ኪሎ እየተመላለሰ የተማረ ልጅ ከቁጥር ጋር አብሮ ያደገ ነውና።

ሁለት ችግሮች ገጥመውናል። አንደኛው፣ ዙሩ «ሰባት» ከተባለ የጥያቄዎቹ ሁሉ መልስ ሰባት ስለሚሆን ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ የሚያስብ ተወዳዳሪ አይኖርም። ሁለተኛው ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ባለፈው ዓመት በታዳሚነት በተገኘሁበት አንድ ውድድር ላይ የዓድዋ ድል የተገኘበት ዓመት ተጠየቀ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ «1888» ብላ መለሰች፤ ዳኛው በእጃቸው የያዙት ወረቀት ግን 1896 ስለሚል «አልተመለሰም» ብለው ነጥቡን ለሌላው ቡድን ሰጡ። ልጅቷ ለማስረዳት እጇን አውጥታ ቆየች፤ ዞር ብሎ ያያት ስላልነበረ ግን ቀስ ብላ እጇን አውርዳ ተቀመጠች። ያ የተነሣ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። በእኛ ውድድር እንዲህ ያለ በደል በማንም ልጅ ላይ እንዳይደርስ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እናድርግ?

የሒሳብ መምህር፣ ከስድስት ኪሎ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ችግር መፍትሔ አለው፤ እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ሞክሬዋለሁ። የዙሩን ቁጥር አስቀድማችሁ አትናገሩ። ቁጥሩ የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ መሆኑ ይቅርና መልሶቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስር የተሰወረ ክር ይሁን። ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄዎቹን ከመመለስ ባሻገር ክሩን እንዲያገኙ ጠይቋቸው፤ ከሁለት ጥያቄ በኋላ ያገኘ ቡድን ሦስት ተጨማሪ ነጥብ፣ ከሦስት በኋላ ያገኘ ሁለት፣ ከአራተኛው በኋላ ያገኘ አንድ ነጥብ ይሰጠው። በዚህ መንገድ ብዙ ነገር የሸመደደ ልጅ ብቻ ሳይሆን የሰማውን ነገር ከሌላው ጋር የሚያያይዝ ልጅም የሚያሸንፍበት ዕድል ያገኛል፤ ለእኔ የውድድሩ ዋና ጥቅም ይኸው ነው።

የአሥራ አንድን ዙር ላሳይዎት። ከድንጋይ በተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናቷ የምትታወቀው ከተማ ማን ናት? ላሊበላ። የሰውን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ያሳረፈው ጉዞ የተሰየመው በየትኛው የግሪኮች አምላክ ስም ነው? አፖሎ። በአዲስ አበባ ከክፍለ ከተሞች ሁሉ በኋላ የተቋቋመው የትኛው ነው? ለሚ ኩራ። በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ማን ነው? አበበ ቢቂላ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው፣ መንኩራኩሯ አፖሎ 11 ናት፣ ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ነው፣ አበበም በሮም ደረቱ ላይ የለጠፈው ቁጥር 11 ነበር። ከአራቱ መልሶች ቁጥሩን በግልጽ የሚናገር አንድም የለም፤ አራቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልጅ ግን ይደርስበታል።

ከአበበ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። አበበ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ሲያሸንፍ የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ነው። ቀኑ በፈረንጆች ኦክቶበር 21፣ 1964 ሲሆን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ሆኖ አገኘሁት። ማመን አቅቶኝ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በጣቴ እየነካሁ ከመስከረም 1 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። እንዲህ ያለው ግጥጥም በዙሩ መጨረሻ፣ ነጥቡ ከተያዘ በኋላ ይነገር፤ ልጆቹ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት እንዲህ ያለውን ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከፒያሳ

የልጅቷ ነገር በጣም አሳዝኖኛል። በመሠረቱ የተሳሳተችው እርሷ ሳትሆን ጥያቄው ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ደግሞ 1896 ነው። ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው። ስለዚህ ዓመት በሚጠየቅበት ጊዜ ሁሉ ጥያቄው ራሱ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ ይናገር፣ በዳኛው ወረቀት ላይ ደግሞ ሁለቱም ዓመቶች ጎን ለጎን ይጻፉ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስምንት ዓመት የሚመስላቸው አዘጋጆች አሉ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። ድንቅነሽ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1974 ስለሆነ ስምንት ቀንሶ 1966 ብሎ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል፤ ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱም 1967 ነው። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ «በስንት ሰዓት» ተብሎ ሲጠየቅ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት አብሮ ይታሰብ።

ከዓመተ ምሕረት ሌላ የምፈራው በጊዜ ብዛት የሚለወጥን ቁጥር ነው። ክልሎች በሕገ መንግሥቱ ዘጠኝ ነበሩ፤ ሲዳማ፣ ቀጥሎም ደቡብ ምዕራብ ራሳቸውን ሲችሉ፣ በመጨረሻም የቀድሞው ደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ሲከፈል አሥራ ሁለት ሆነዋል። ፕላኔቶች ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስምንት ናቸው፤ በታላላቆቻችን የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ግን ዘጠኝ ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ ከተማችን ግንቦት 17 ቀን 1955 ሲመሠረት 32 አገሮች ፈርመው ነበር፤ የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት 55 አባላት አሉት። እነዚህን ሁሉ መጠየቅ ይቻላል፣ ጥያቄው «ሲመሠረት» ወይም «ዛሬ» የሚለውን ቃል እስካልዘነጋ ድረስ። መጻሕፍት ያልተስማሙበትን ቁጥር ግን ፈጽሞ እንዳታስገቡ እመክራለሁ። የራስ ዳሸንን ከፍታ አንዱ መጽሐፍ 4,620 ሜትር፣ ሌላው 4,550፣ ሌላው ደግሞ 4,533 ይለዋል፤ ከሦስቱ አንዱን በትክክል ያጠና ልጅ ዜሮ ሊሰጠው አይገባም።

ዜሮን ካነሣሁ አይቀር፣ የመክፈቻ ዙር ካስፈለጋችሁ «ዜሮ» ይሁን። ፒያሳ ላይ በ2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ «ዓድዋ 00 ኪሎ ሜትር» በሚለው ስሙ ይታወቃል፤ የግዕዝ አኀዝ ደግሞ ዜሮ የለውም። ሁለቱ ብቻ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

የቀድሞ የግዕዝ ተማሪ

በዜሮው ላይ ልቀጥል። የግዕዝ አኀዝ ዜሮ ባይኖረውም ምንም አልጎደለበትም። ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያም ፻ እና ፼፣ በድምሩ 20 ምልክቶች ናቸው። የዓድዋን ዓመት በእነዚህ ስንጽፈው ፲፰፻፹፰ ይሆናል፣ ማለትም አሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት። ጥያቄውን በቃል ከመጠየቅ ይልቅ በሰፊ ካርቶን ላይ ጽፋችሁ ብታሳዩና «ይህ ዓመት ምን ሆነ?» ብትሉ አቆጣጠሩ ራሱ ከአኀዙ ስለሚታወቅ ያቺ ልጅ የደረሰባት ነገር በማንም ላይ አይደርስም።

ለሰባት ዙር ፊደላችን ይበቃል። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ የሚሉት ስሞች ከመጀመሪያው በስተቀር የተራ ቁጥሮች ናቸው፤ ብዙ ተማሪ ግን ስማቸውን እንኳ ሳይሰማ ፊደል ቆጥሮ ይጨርሳል። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ድንቅነሽ» ከሚለው ስም ውስጥ ሳድስ ያልሆነው የትኛው ፊደል ነው? መልሱ «ነ» ነው፤ ሌሎቹ አራቱ ሁሉ ሳድስ ናቸው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ ያያት ልጅ ስሟን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

የአምስት ዙርን በተመለከተ በአዳራሹ ውስጥ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ እኩል እንዲሰማው እሻለሁ። የቤተ ክርስቲያን አዕማደ ምሥጢር አምስት ናቸው፣ የእስልምና ማዕዘናትም አምስት ናቸው። ከመጀመሪያው ሦስተኛውን ምሥጢረ ጥምቀትን፣ ከሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛውን ዘካን በአንድ ጥያቄ አጣምራችሁ ጠይቁ፤ አንድ ቡድን ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው ሁለቱም ልጆች ሲነጋገሩ ይሆናል። ደግሞም በራሳችሁ ሰፈር የቆመውን ሐውልት አትርሱ። የጠላት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡትም ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። የአራት ኪሎው ሐውልት በዚህ ቀን መጠራቱን የማያውቅ ተማሪ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል።

አንድ አንባቢ

አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። በአሥራ ሦስት ዙር አሥራ ሦስት ጥያቄ ለማቅረብ አስባችሁ ከሆነ ተዉት፤ ልጆቹ ይደክማሉ፣ ተመልካቹም ይበተናል። ሁሉም ዙር እኩል አራት ወይም አምስት ጥያቄ ይኑረው።

ጠያቂ፣ ከአራት ኪሎ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዙሮቹን በሙሉ አራት አራት ጥያቄ አድርገናቸዋል፤ ዓመት ያለበት ጥያቄ ሁሉ አቆጣጠሩ ተጽፎበታል። በተጨማሪም አንድ ደንብ አውጥተናል፦ መልሱ የተሳሳተበት ቡድን እጁን ካወጣ ዳኛው ቀጣዩን ጥያቄ ከማንበቡ በፊት አንድ ደቂቃ ሰጥቶ ማዳመጥ ግዴታው ነው። መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ይዘው ቢጨርሱ በምን እንለያቸው?

የሒሳብ መምህር፣ ከስድስት ኪሎ

ደንቡ አስደስቶኛል። ለመለያው ማንም በቃሉ የማይዘው፣ በስሌት ግን ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ አቅርቡና ይበልጥ የተጠጋው ያሸንፍ። አበበ በቶኪዮ ያስመዘገበው ሰዓት ከሮሙ በምን ያህል ያንሳል ብላችሁ ጠይቁ። የሮሙ 2፡15፡16.2 ነው፤ የቶኪዮውን ቀደም ብዬ ጽፌዋለሁ። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ነው፣ ያለ አንዳች ትርፍ።

የቀድሞ የግዕዝ ተማሪ

የሮሙ ሩጫ ከተነሣ የአሥራ ሦስት ዙር መዝጊያ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10፣ 1960 በእኛ 13ኛው ወር ላይ ይውላል። ዓመቱ 1952 ስለሆነ 5500 ደምሩበትና ለአራት አካፍሉት፤ 7452 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ፣ ማለትም ቀሪው ሦስት ሲሆን ብቻ ነውና በዚያ ዓመት አምስት ቀን ብቻ ነበራት። ሩጫው የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን ነው። አበበ በሮም በችቦ ብርሃን የመጨረሻዋን መስመር ሲያልፍ እዚህ አገር ቤት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር።