ፕሮክተርና ባለ ሜዳሊያ በአንድ መድረክ?

የጥያቄው ባለቤት (የ2003 ተመራቂ)

ሰላም የጊቢያችን ልጆች። እንደምታውቁት የተማርንበት ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ በምረቃው ሰሞን የሽልማት ቀን አለው። እስከ አምና ሜዳሊያው ለተማሪ፣ የምስክር ወረቀቱ ለመምህር ነበር። ዘንድሮ የሽልማት ኮሚቴው የቀድሞ ተማሪዎችን ሐሳብ ጠይቋል። ጥያቄው ይሄ ነው፦ የአስተዳደር ሠራተኞችስ በዚያው ቀን፣ በዚያው መድረክ ይሸለሙ ወይ? ፕሮክተር (የተማሪዎች ዶርም ተቆጣጣሪ)፣ የተማሪ ካፌ ምግብ አብሳይ፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ አትክልተኛ፣ ጥበቃ ማለት ነው። እስከ እሑድ መልስ መላክ አለብን።

እኔ ይሸለሙ ባይ ነኝ። ፍሬሽ ሆኜ በገባሁ በሁለተኛው ወር ወባ ያዘኝ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ ወባ ምን እንደሚመስል አላውቅም። የዶርሜ ልጆች ፈተና ደርሶ ላይብረሪ አድረዋል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስንቀጠቀጥ የሰሙኝ የብሎካችን ፕሮክተር ናቸው። እትዬ ነበር የምንላቸው። ጋቢያቸውን አልብሰው፣ ዘበኛ ቀስቅሰው ክሊኒክ አደረሱኝ። እስኪነጋ ከአጠገቤ አልተነሱም። ጠዋት ደግሞ ዲፓርትመንት ሄደው "ልጅቷ ታማለች፣ ፈተናው ይያዝላት" ብለው ተከራከሩልኝ። የተመረቅኩ ቀን እትዬ አዳራሽ ውስጥ አልነበሩም። በር ላይ ቆመው የሰው ወላጅ ያስተናግዱ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የ1998 ባለ ሜዳሊያ (ምህንድስና)

እህቴ፣ ለእትዬ ያለሽ ፍቅር ይገባኛል። ሐሳቡን ግን እቃወማለሁ። ምክንያቴን በግልጽ ልንገራችሁ።

ያ ቀን የመማር ቀን ነው። አባቴ ገበሬ ነው። የመጀመሪያ ዓመት የመጣሁበትን ትራንስፖርትና ፍራሽ የገዛልኝ በግ ሸጦ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እኔን ያየኝ የምረቃው ዕለት ብቻ ነው። ስሜ ሲጠራ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ጨብጦት "ያንተ ልጅ ነው?" ብሎ ጠየቀው። አባቴ ይሄንን እስከ ዛሬ ያወራል። ያ ቅጽበት ክብደት ያገኘው ጥቂት ሰው ብቻ ስለተጠራ ነው። አርባና ሃምሳ ሰው የሚጠራበት ቀን ቢሆን ኖሮ የቀረ ወሬ ነበር።

ሌላው ጉዳይ መለኪያው ነው። የእኔ ውጤት ይታወቃል። ሬጅስትራር አለው፣ ትራንስክሪፕት አለው። አልተስማማሁም የሚል ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። የፕሮክተር ደግነት በምን ይለካል? መለኪያ የሌለው ሽልማት ደግሞ ለዘመድና ለወዳጅ ይሆናል። ሠራተኞች ይመስገኑ፤ የራሳቸው ቀን ይኑራቸው። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው። ያን ቀን እናድምቅላቸው።

አስተማሪው (ጡረተኛ)

ልጆቼ፣ ሁለታችሁንም አንብቤያለሁ። ሜዳሊያ ላገኘው ልጅ አንድ ነገር ላንሳ።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ታውቃለህ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ለቢልሃርዝያ ምርምር ወንዝ ዳር ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእጥበቱ በታች ባለው ውኃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚያሳድገው ቀንድ አውጣው ነው። እሱን በርካሽ የሚገድል ነገር በእያንዳንዱ ሴት እጅ እንደነበረ ያን ቀን ተገለጠላቸው። ከዚያ ብዙ ዓመት የፈጀ የላብራቶሪ ሥራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከስዊድን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ተሰጣቸው። የተሰጠው ግን ለእርሳቸው ብቻ አይደለም። አብሯቸው ለሠራው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ጭምር ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋሙ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

ለምን አነሳሁት? አንደኛ፣ ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት አለ። ሁለተኛ፣ ሽልማቱ ሲሰጥ የተነገረው ነጥብ አይደለም፤ የተሠራው ሥራ ነው። ሦስተኛው ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ። ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ስም ማን ነበር? አናውቅም። ዕውቀቱ ከእነሱ ነው የተነሳው። ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳስተምር ጥሩ ጽሑፍ ያሳተመ ባልደረባዬ ሁሉ ከኋላው መሣሪያ የሚጠግንለት፣ ናሙና የሚያዘጋጅለት ቴክኒሻን ነበረው። የቴክኒሻኑ ስም በጽሑፉ ግርጌ እንኳ የወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የ1998 ባለ ሜዳሊያ

መምህር፣ አክብሮቴ የተጠበቀ ነው። ግን እርስዎ ራስዎ ያነሱት ምሳሌ ለእኔ ይረዳል። እነ ዶክተር አክሊሉ የተሸለሙት በምርምር ነው። የተለካና የተፈተነ ሥራ ነው። ደግነት አይደለም።

ነርሷ (ከጤና ሳይንስ)

ወንድሜ፣ ትምህርትና ሠራተኛ እንዲህ በግድግዳ የተለያዩ አይደሉም። ማሚቱ ጋሼን ላስታውስህ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ከባድ ምጥ ላይ ፊስቱላ ገጥሟቸው አዲስ አበባ ለሕክምና መጡ። ትምህርት ቤት አልገቡም። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀሩ። አልጋ ያነጥፉ ነበር። ከዚያ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ መሣሪያ ያቀብሉ ጀመር። ቀስ በቀስ ራሳቸው ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ከሌላ አገር የመጡ ዶክተሮችን ጭምር አሠልጥነዋል። የእንግሊዝ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊኖቹ ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቢቢሲ ከ100 ሴቶች አንዷ አድርጎ መርጧቸዋል።

አሁን የእኛ ጊቢ ሽልማት ያኔ ቢኖር የት ነበር የሚያስቀምጣቸው? ተማሪ አይደሉም። መምህር አይደሉም። በወረቀት አልጋ አንጣፊ ናቸው። ሥራቸውን የሚያይ ዓይን ባይኖር ኖሮ የወርቅ ሜዳሊያው የትም አይመጣም ነበር።

ላይብረሪ የምሠራ

እኔ ከእናንተ መሐል ሠራተኛዋ ነኝ መሰለኝ። ስለዚህ ከውስጥ ያለውን ልናገር።

ሽልማቱን አልጠላውም። ግን ፈራሁት። ከዚህ በፊት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት "ምስጉን ሠራተኛ" የሚባል ነበር። የመጀመሪያው ዓመት እውነተኛ ነበር። አንዲት በጣም ትጉህ ሴት ተሸለመች፤ ሁላችንም ከልባችን አጨበጨብን። በሁለተኛው ዓመት ለክፍል ኃላፊው ጸሐፊ ተሰጠ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ጉርምርምታውን ለማብረድ በተራ ሆነ። "ዘንድሮ የማን ተራ ነው?" ይባል ነበር። አራተኛው ላይ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ይሉኝታ የገባበት ሽልማት ዋጋ የለውም።

ደግሞ ሌላ ነገር። ሽልማት ደሞዝን አይተካም። የጽዳት ሠራተኛዋን አንድ ቀን መድረክ ላይ አውጥታችሁ፣ በነጋታው ጓንት የላትም ከሆነ ነገሩ ያሳፍራል። ይሄንንም በደብዳቤው ጻፉልን።

የጥያቄው ባለቤት

እንዴት በተራ እንዳይሆን እናድርግ ታዲያ? እህቴ፣ አንቺ ከውስጥ አይተሽዋል። ምን ቢኖር ይድን ነበር?

ላይብረሪ የምሠራ

ምክንያቱ ቢነበብ። እሱ ብቻ። የጸሐፊዋ ስም ሲጠራ "በትጋትና በታማኝነት" ተባለ። የሁላችንም እንደዚያው ነበር። አንድ ወረቀት፣ ስም ብቻ እየተቀየረ። ምን እንደሠራች ዝርዝሩን በማይክ አንብቡ ቢባል ኖሮ የሚያነብ ሰው ይጠፋ ነበር። ያን ጊዜ ኮሚቴው ያፍራል፤ የሚነበብ ሥራ ያለውን ሰው ፍለጋ ይሄዳል።

ከሜሪላንድ

ይሄ ትክክል ነው። እኔ እዚህ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። በየዓመቱ ተማሪ፣ መምህርና ሠራተኛ በአንድ ቀን ይሸለማሉ። ኮሚቴው ከራሱ አይመርጥም። ጠቋሚ ያስፈልጋል። ጠቋሚው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ምን ተሠራ፣ መቼ፣ ለማን የሚለውን። ሁለት ሌሎች ሰዎች ደግሞ እውነት ነው ብለው ይፈርማሉ።

አምና የእኛ ክፍል ኃላፊ ተሸለመ። የጠቆመችው በዊልቸር የምትሄድ ተማሪ ናት። በረዶ በጣለ ቀን ሁሉ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ በመጀመሪያ የሚጠርገው የእሷን መንገድ ነበር። እሷ እስክትጽፈው ድረስ እኛ አብረነው የምንሠራው እንኳ አናውቅም። ደብዳቤው ሲነበብ አዳራሹ ጸጥ አለ። የተማሪዎቹን ሜዳሊያ ያቀለለባቸው አይመስለኝም። እንዲያውም ወላጆቻቸው ናቸው ቀድመው የተነሱት።

አገር ቤትም አዲስ ነገር አይደለም እኮ። የበጎ ሰው ሽልማት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ዕጩ የሚቀበለው ከሕዝብ ጥቆማ ነው። መምህርነት ራሱን የቻለ ዘርፍ አለው። ስማቸው በከተማ የማይታወቅ የገጠር መምህራን በዚያ መንገድ መታወቅ ችለዋል።

ከሴቶች አንደኛ የተባለች (የ2007)

ምክንያት ይነበብ ካላችሁ የእኔንም ላንሳ። የተመረቅኩ ዓመት ከኮሌጁ ሁሉ በነጥብ ሁለተኛ ነበርኩ። ከእኔ በላይ አንድ ወንድ ብቻ። ሁለተኛ ተብዬ ግን አልተጠራሁም። "ከሴቶች አንደኛ" ተብዬ ዋንጫ ተሰጠኝ። ሁለተኛውን ሜዳሊያ የወሰደው ከእኔ በታች የነበረው ልጅ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ሽልማት አይሰጥም አሉኝ። ሰው ሁሉ ዋንጫውን አይቶ በድጋፍ ያገኘሁት መሰለው። ነጥቤ ቢነበብ ኖሮ ነገሩ በዚያች ደቂቃ ግልጽ ይሆን ነበር።

የሴቶች ዋንጫ ይቅር አላልኩም። ከእኔ ጋር ገብተው ስንት ጎበዝ ሴቶች በመሐል እንደቀሩ አውቃለሁ። ለእነሱ ያ ዋንጫ ጉልበት ነው። ግን የሚገባንን ቦታ እየቀማ አይሁን።

የ1998 ባለ ሜዳሊያ

እህት፣ ይሄ በደል ነው። ሌላ ስም የለውም። እኔ ነጥብ አይዋሽም ብዬ ስከራከር ነበር። ነጥቡን የሚያነብ ሰው ከሌለ እሱም ይደበቃል ማለት ነው። ይሄን አላሰብኩበትም።

አሁንም ግን አንድ ሜዳሊያ ለሁሉም በሚለው አልስማማም። የትምህርት ሜዳሊያ የትምህርት ይሁን። የሠራተኛው የራሱ ስም ይኑረው። በአንድ ቀን፣ በአንድ መድረክ መሆኑን ተቀብያለሁ። ሁለት ነገር ይጻፍልኝ። ቁጥሩ ይገደብ፤ ከሠራተኛ በዓመት ከሁለት ሰው አይብለጥ። የሚገባው ሰው ያልተጠቆመበት ዓመት ደግሞ ባዶ ይለፍ። ባዶ የማለፍ ድፍረት ከሌለ ያው ተራ ይሆናል።

አስተማሪው (ጡረተኛ)

ባዶ ይለፍ ያልከው በጣም ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው ደንቡን ነው።

በንጉሡ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ታላላቅ ሰዎችን ሸልሟል። አፈወርቅ ተክሌ በሥዕል ተሸልሟል። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሸለም ገና 29 ዓመቱ ነበር። ዲግሪ ቆጥሮ የሚሰጥ አልነበረም፤ ሥራ አይቶ ነበር። ግን ቆሞ የነበረው በንጉሡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሥርዓቱ ሲወድቅ ሽልማቱም አብሮ ቀረ። አሥር ዓመት ብቻ ኖረ። አገራችን ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት የጀመረውን ቀጣዩ ሲረሳው ስንቴ አይተናል። ስለዚህ ይሄ የኮሚቴ በጎ ፈቃድ ሆኖ እንዳይቀር። በሴኔት ጸድቆ በመተዳደሪያ ደንቡ ይግባ። ኮሚቴው ውስጥ ተማሪም፣ መምህርም፣ ሠራተኛም ይቀመጥ።

ለመምህራንም እንዲሁ ነው። አሁን መምህር የሚገመገመው በተማሪ፣ በባልደረባና በክፍል ኃላፊው ነው። ያ ለዕድገት ነው። ለሽልማት ግን ቁጥር አይበቃም። ከአሥር ዓመት በኋላ ተማሪው ምን አስታወሰ? እሱን የሚጽፍ የቀድሞ ተማሪ ይፈለግ።

የጥያቄው ባለቤት

እሺ። ደብዳቤውን እየጻፍኩ ነው። እስካሁን የገባው ይሄ ነው፦ በአንድ መድረክ ይሁን፣ ሜዳሊያው ይለያይ፣ ጥቆማ በጽሑፍ ከነምስክሩ ይቅረብ፣ ሥራው በማይክ ይነበብ፣ የሚገባው ከሌለ ባዶ ይለፍ፣ ሴት ተማሪ በአጠቃላይ ደረጃዋም ትጠራ፣ በሴኔት ይጽደቅ። የጓንቱንና የደሞዙን ጉዳይ ለብቻው አንቀጽ አድርጌዋለሁ። የማይስማማ እስከ ቅዳሜ ማታ ይጻፍልኝ።

ላይብረሪ የምሠራ

እትዬ አሁንም እዚያው ብሎክ ናቸው። ጡረታቸው የሚቀጥለው ዓመት ነው። ጥቆማውን ማን ይጽፋል?

የጥያቄው ባለቤት

እኔ እጽፋለሁ። ያን ሌሊት ቀኑንም አስታውሳለሁ። ሁለት ምስክር ግን ያስፈልገኛል።

ነርሷ (ከጤና ሳይንስ)

አንዷ እኔ ነኝ። ያን ሌሊት ክሊኒኩ ውስጥ ለተግባር ልምምድ የገባሁ ተማሪ ነበርኩ። ጋቢውን አስታውሰዋለሁ።

የ1998 ባለ ሜዳሊያ

እኔ ሌሊቱን አላየሁም፤ ምስክር መሆን አልችልም። ግን የምንማርበትን ወርክሾፕ ማሽኖች ለዓመታት በራሱ ብልሃት ሲያስነሳ የኖረ ቴክኒሻን አለ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የተሠራው እሱ ቅዳሜና እሑድ እየመጣ በሩን ስለከፈተልኝ ነው። ስሙን መድረክ ላይ አላነሳሁትም። የእሱን ጥቆማ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። አብሮኝ የሠራ የ98 ልጅ ካለ በውስጥ ያውራኝ።