ክረምት ሳይገባ አዲስ የተገዛ ቤት ላይ የቱን እናስቀድም?

አዲስ_ጎጆ

ጤና ይስጥልኝ። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በብሎኬት የተሠራ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጂ+0 ቤት ገዝተን ገብተናል። ዕድሜው ወደ 15 ዓመት ይጠጋል። አፈሩ ጥቁር ነው። ያየናቸው ችግሮች እነዚህ ናቸው፦ መኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ አለ፤ ከሳሎኑ መስኮት ጥግ የተነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ምጣድ ስንሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ከሮቶው (ባለ 2000 ሊትር ነው) የሚመጣው ውሃ ይሸታል። ሰኔ ሳይገባ ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ የለንም። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀለም እናስቀባ ትላለች። ምን ይቅደም? የትኛውንስ ራሳችን መሥራት እንችላለን?

ጣሪያ_ላይ

እንኳን ደስ አላችሁ። ቀለሙ ይቆይ። እርጥበት ያለው ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ክረምቱ ሳያልቅ ይላጣል፤ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ታወጣለህ። መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ አሸንዳ።

ፀሐይ በደንብ በወጣበት ቀትር ላይ ኮርኒስ ውስጥ ግባና መብራት ሳታበራ ወደ ላይ ተመልከት። ቀዳዳው እንደ ኮከብ ያበራል። በታች ካለው እድፍ ትክክል ላይ ካላገኘኸው አትገረም፤ ውሃው ሞራሌውን ይዞ አንድ ሁለት ሜትር ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ከእድፉ ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ ፈልግ። ኮርኒስ ላይ ስትሄድ እንጨቱን ብቻ ርገጥ።

የብዙ ቆርቆሮ ጣሪያ ችግር ምስማሩ ነው። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል፤ በዚያ ምልልስ ምስማሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ጎማውም ደርቆ ይሰነጠቃል። የተነሳውን ምስማር በመዶሻ መልሶ መምታት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር ነው፤ የእንጨቱ ቀዳዳ ስለሰፋ በጥቂት ወር ውስጥ ይመለሳል። ንቀለውና በቦታው ከምስማሩ ወፈር የሚል፣ ጎማ ያለው የጣሪያ ብሎን እሰር። ጎማው ትንሽ ሲያብጥ አቁም፤ ከዚያ በላይ ካጠበቅከው ጎማው ተጨፍልቆ ይቀደዳል። ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው የሚመታው፤ ውሃ በሚሄድበት ሸለቆ ላይ የተመታ ካለ ዋናው ሌባ እሱ ነው።

ዝገቱ ቆርቆሮውን በልቶ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካደረሰው ሬንጅ አትለጥፍበት። ሬንጁ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ሥሩም ውሃ ይቋጥራል። የቆርቆሮውን ቅጠል ቀይረው። አዲሱ በላይኛው ሥር ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይግባ፤ ተዳፋቱ ትንሽ ከሆነ 20 አድርገው።

አሸንዳው በየ 2 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። አፅዳውና ከመውረጃው በሚርቀው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ድፋበት፤ የሚቋጥርበት ቦታ ወዲያው ይታይሃል፣ እዚያ ጋ መያዣውን አስተካክል። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንዴ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንዴ ማፅዳት ነው፤ በረዶ ቅጠል ካረገፈም እንደገና።

ከላይ ስትሆን የምስማር መስመር ያለበትን ብቻ ርገጥ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጣ። ከፖል ወደ ቤቱ የሚገባው የመብራት ገመድ የሚያልፍበትን ደግሞ አስቀድመህ እይ።

መሠረት

ስለ ስንጥቁ። ጥቁር አፈር ላይ ከመስመር ውጪ የሆነ ነገር አይደለም፤ ግን ችላ የሚባልም አይደለም። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በቤቱ ዙሪያ ያለው እየረጠበ ከወለሉ ሥር ያለው ደረቅ ሆኖ ሲቀር መሠረቱ እኩል አይንቀሳቀስም። ግድግዳው የሚላላው መስኮትና በር ጥግ ላይ ስለሆነ ሰያፍ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል።

አሁን በስቱኮ አይድፈኑት። መጀመሪያ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይወቁ፦ ስንጥቁን የሚያቋርጥ መስመር በእርሳስ ሦስት ቦታ ያስምሩ፤ ጫፉ የደረሰበትንም ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉ፤ ስፋቱን በማስመሪያ ለክተው በስልክ ፎቶ ያንሱ። በየወሩ እስከ ጥር ይድገሙት። ከወቅቱ ጋር የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ አፈሩ ነው። ፀጉር የሚያክል ሆኖ ከቆመ በኋላ ሊለጠጥ በሚችል መሙያ ይሞላል። ግን 5 ሚሊሜትር ካለፈ፣ በር መዘጋት እምቢ ካለ፣ ወይም የስንጥቁ አንዱ ጎን ወደ ፊት ወጥቶ በእጅ ከተሰማ ለግንበኛ አያሳዩት፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ይጥሩ።

መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ አይደለም፣ ውጪ ነው። የአፈሩ እርጥበት ዓመቱን ሙሉ እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነው የሚፈለገው። የአሸንዳው መውረጃ ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ በቱቦ ቢያንስ 1.5 ሜትር ያርቁት። ቤቱን የሚዞረው ሲሚንቶ 1 ሜትር ስፋት ኖሮት ከግድግዳው ወደ ውጪ 3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት ይደፈን። አጠገቡ ባህር ዛፍ ካለ አፈሩን በበጋ የሚያደርቀው እሱ ነው። አትክልት በጎማ የሚጠጣበት መደብም ግድግዳው ሥር አይሁን፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

የተሸሸገ የቧንቧ ፍሳሽም ያው ነው። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ፣ ሮቶው ሞልቶ ኳሱ መዝጋቱን አይታችሁ ቆጣሪውን አንብቡ፤ ጠዋት ማንም ሳይጠቀም ድጋሚ አንብቡ። ቁጥሩ ከተቀየረ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለው መስመር ያፈሳል። ሽንት ቤቱን ለመፈተን የቀይ ሥር ውሃ የማጠቢያው ሳጥን ውስጥ ጨምሩ፤ 20 ደቂቃ ውስጥ ሳይለቀቅ መቀመጫው ከቀላ የውስጡ ጎማ አልቋል።

መስመር_220

ከጣሪያው እኩል መቅደም ያለበት ምጣዱ ነው፤ እዚህ ላይ ከ @ጣሪያ_ላይ ጋር አልስማማም። ጣሪያ ኮርኒስ ያበላሻል፣ መስመር ቤት ያቃጥላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ስታካፍለው ከ16 እስከ 18 አምፔር ይስባል። የሶኬት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2.5 ገመድና (የመዳቡ ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር ነው) ባለ 16 አምፔር ብሬከር ነው። ፍሪጁ በዚያው መስመር ላይ ካለ ብሬከሩ ከደቂቃዎች በኋላ ቢወርድ ሥራውን እየሠራ ነው። እባክህ ብሬከሩን ብቻ በባለ 32 አታስቀይር። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይልና ገመዱ ቱቦ ውስጥ ይቀልጣል።

ልዩነቱን ልብ በል፦ ቆይቶ የሚወርድ ከሆነ ጭነት በዝቶበት ነው፤ በሰካህበት ቅጽበት የሚወርድ ከሆነ ግን ምጣዱ ራሱ ሾርት አለው ወይም ሽቦው እርጥበት ይዟል፤ መስመር ብትቀይር አይድንም።

የሚሠራው ይኼ ነው፦ ከሰሌዳው በቀጥታ ለምጣድ ብቻ የሚሄድ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ከነመሬት ገመዱ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ እና ለዚያ አምፔር የተሠራ ሶኬት። ተራው ሶኬት ይጠቁራል። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ጨርሶ አይታሰብ። ይህን ሥራ ለባለሙያ ስጥ።

አዲስ_ጎጆ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምጣዱ ጀርባ ላይ 3800 ዋት ይላል፣ የሚወርደውም ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው። ሮቶውንስ? ጎረቤት በኦሞ እጠቡት ብሎናል።

ቧንቧ_ሠሪ

ኦሞው ይቅር፤ ሽታውና አረፋው ከቧንቧው ቶሎ አይወጣም። ሮቶውን አፍስሱ፣ ከታች የተኛውን ደለል አውጡ፣ ግድግዳውን ረጅም እጀታ ባለው ለስላሳ ብሩሽ ፈትጉ። የብረት ሽቦ ፕላስቲኩን ይጭረውና አረንጓዴው ዳግም የሚይዝበት ቦታ ያገኛል። ከዚያ ሙሉትና ሽቶ የሌለው ባለ 5 በመቶ በረኪና ለ1000 ሊትር 1 ሊትር፣ ለእናንተ 2 ሊትር ጨምሩ። በየቧንቧው የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ክፈቱና ዝጉ፣ ይደር። ጠዋት አፍስሳችሁ ሽታው እስኪጠፋ እጠቡ። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ያን ሁሉ የበረኪና ውሃ ወደ ሴፕቲክም አትልቀቁት፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ ግን በወሩ ትመለሱበታላችሁ፤ ብርሃንና አቧራ ነው የሚያሸተው። የትርፍ ውሃ መውጫው ላይም ወንፊት እሰሩ። ሲሞላ 2 ቶን ስለሚመዝን የቆመበትን ብረት እግሩ አካባቢ ዝገት እንዳለው እዩ፤ ሥሩም በሙሉ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይረፍ፣ በብረት ዘንጎች ላይ ብቻ ከተቀመጠ ታቹ ይሰነጠቃል።

መስመር_220

3800 ከሆነ 17 አምፔር ነው። ያልኩህ ባለ 4 ገመድና ባለ 25 ብሬከር ይበቃል። እስከዚያው ምጣዱ ሲሠራ ፍሪጁንም ሌላውንም ከዚያ መስመር ንቀሉ፤ ሶኬቱን ከ10 ደቂቃ በኋላ በእጅህ ጀርባ ንካው፣ ከሞቀ ምጣዱን አጥፋና እስኪሠራ ድረስ አትጋግሩበት።