የኬርሶኔሶስ ወይን ለገበያ ነበር ወይስ ለጓዳ?

ሀሳብ አቅራቢ፦ ዛሬ ሴቫስቶፖል በምትባለው የክሪምያ ከተማ ዳርቻ፣ በጥቁር ባሕር ደቡብ ዳርቻ ካለችው የግሪኮች ከተማ ከሄራክሊያ የመጡ ግሪኮች የቆረቆሯት ኬርሶኔሶስ በወይን ጠጅ ንግድ የበለጸገች ከተማ ነበረች ብዬ እከራከራለሁ። ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ ከከተማዋ ጎን 10,000 ሄክታር ገደማ የሚሆነው መሬት ወደ 400 በሚጠጉ ባለ አራት ማዕዘን ይዞታዎች ተሸንሽኗል። አፈሩ ስስ፣ ሥሩም የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ገበሬዎቹ ለወይን ተክል ዓለቱን እየቆፈሩ ቦይ አውጥተው አፈር ሞልተውበታል፤ የተፈለፈለውንም ድንጋይ በቦዮቹ መካከል ዝቅ ያለ ካብ አድርገው ደርድረውታል። ለጓዳ ብቻ ይህን ያህል የሚደክም ማን ነው?

ተቃዋሚ፦ ካቡ ወይን መተከሉን እንጂ ወይን ጠጅ መሸጡን አይነግረንም። ወይን ጠጅ በውሃ እየበረዘ በየዕለቱ የሚጠጣ ሕዝብ ለራሱ ብቻ ብዙ ጋን ያስፈልገዋል። ደግሞም ይዞታዎቹ እስከ ሮማውያን ዘመን ሲታረሱ ስለቆዩ፣ ዛሬ የሚታየውን ካብ ሁሉ የአንድ ዘመን ሥራ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይመስለኛል።

ሀሳብ አቅራቢ፦ የዘመኑን ነገር እቀበላለሁ። ነገር ግን ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ የእኔም ጠጠሮች በድንጋይ የተቀረጹ ናቸው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ለከተማዋ ዜጋ ለአጋሲክሌስ ክብር የቆመው ጽሑፍ፣ ሰውየው ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ በሜዳው ላይ የወይን ቦታዎችን ድንበር ማስከለሉ እንደሆነ ይመሰክራል። የከተማዋ ዜጎች የማሉት መሐላ ደግሞ ከሜዳው የሚመጣውን እህል ከኬርሶኔሶስ በቀር ወደ ሌላ ቦታ እንዳይሸጡና እንዳያወጡ ያስገድዳቸዋል። እንግዲህ እህሉ ከሩቅ ሜዳ ከመጣ የቅርቡ መሬት ለወይን የተለቀቀ ይመስላል።

ተቃዋሚ፦ መሐላው ለእኔም ይመሰክራል፤ በጥብቅ የሚጠበቀው እህል እንጂ ወይን ጠጅ አይደለምና።

ሦስተኛ ተሳታፊ፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት የጋኖቹን እጀታ ነው። በእጀታው ላይ የከተማዋ ሹም ስም በማኅተም ስለሚታተም ጋኑ የት እንደተሠራ ይታወቃል፤ ይህ ማኅተም በምዕራብ ክሪምያ የከተማዋ ግዛት በነበሩት ሰፈሮች በብዛት፣ ከግዛቷ ውጭ በጎረቤቶቿ በእስኩቴሶች ምድርም ይገኛል። ከኬርሶኔሶስ ተጭኖ ኬርሶኔሶስ ወደምትገዛው ሰፈር የደረሰውን ጋን ንግድ ትሉታላችሁ ወይስ ስንቅ? እኔ በንግድ የምቆጥረው እስኩቴሶች ዘንድ የደረሰውን ብቻ ነው።

ሀሳብ አቅራቢ፦ እንደዚያ ከሆነ «በወይን ጠጅ ንግድ የበለጸገች» ያልሁትን «ወይን ጠጅም የምትሸጥ» በሚለው አርሜያለሁ። በካቡ ጉዳይ ግን አሁንም አልተረታሁም።