የዝዋይ ሐይቅ የውሃ ጫና ስሌት አስቸገረኝ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? የመመረቂያ ጽሑፌ ዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ላይ ነው። የውሃ ጫና፣ ማለትም ካለው ውሃ ምን ያህሉ እንደሚቀዳ፣ ማስያ ቀመሩ ሲታይ ቀላል ነው፦ በዓመት የሚቀዳውን ውሃ ለታዳሹ (በየዓመቱ በዝናብና በወንዝ ለሚተካው) ውሃ አካፍሎ በ100 ማባዛት። መጀመሪያ ግን ከታዳሹ ላይ ለተፈጥሮ የሚተወው (ወንዙና ሐይቁ እንዳይጎዱ የማይነካው ውሃ) ይቀነሳል። ውጤቱ ከ25 በመቶ በታች ከሆነ ጫና የለም፤ ከ100 ካለፈ አደገኛ ነው።

መቂና ከታር ወንዞች የሚያስገቡትን ይዣለሁ። የተጣበቅኩት “ለተፈጥሮ የሚተወው” ላይ ነው። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ወጥቶ አብያታ ሐይቅን ይመግባል፤ አብያታ ደግሞ እየሸሸ ነው። ታዲያ የአብያታንም ድርሻ ልቀንስ? ከመስኖ ማሳ ተመልሶ ሐይቁ የሚገባውንስ ከተቀዳው ላይ ላንሳው? አማካሪዬ “አንብቢ” ብለውኝ ጠፉ።

የአገር አቀፉን ቁጥር ተጠቀሚ እንዳትሉኝ፤ የአባይ ብዛት የዝዋይን ችግር ይሸፍንብኛል። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ መላ በሉኝ።