ሐይቁ ዳር የት ይታደራል? እናቴን ይዤ ካየሁት

ባሕር ዳር ወላጅ ይዛችሁ ለምትሄዱ ይህ ይጠቅማችኋል።

ስሙን የማልጠራው ያ ትልቅ ሆቴል በልጅነታችን በአጥሩ ሥር ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርግለት ቤት ነበር። የአክስቴ ሠርግ የተደገሰውም እዚያው ነው። ስለዚህ ዋጋውን ሳልከራከር የሁለት ሌሊት ከፈልኩ። የበረንዳው በር እንጨቱ አብጦ አልገጥም ስላለ እጀታው በሲባጎ ታስሯል። ከቧንቧው ሥር ዝገት እንደ ቡና አተላ ወርዶ ገንዳው ላይ ደርቋል። ሙቅ ውሃ ስንጠይቅ «ማታ ይመጣል» አሉን፤ ማታ በባልዲ መጣ። አጎበሩም ተቀዷል፤ ወባ ባለበት አገር ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ነጠላዋን ትራሱ ላይ አንጥፋ ተኛች። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

ግቢው ግን ዛሬም ያምራል። ንጋት ላይ የደንገል ታንኳዎች ከሣሩ ጫፍ አጠገብ ያልፋሉ። ነጭ ኮት የለበሱ አዛውንት አስተናጋጅ ለእናቴ ቡናዋን በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። እንዲህ ያሉ ሰው የሚያገለግሉበት ቤት ቦይለር የሚያስጠግን ማጣቱ ያሳዝናል። ለቡና ሂዱ፤ ለአልጋ ግን አትሂዱ።

በማግስቱ የቀረውን ገንዘብ ትተን ከሐይቁ ራቅ ወዳለ ፔንሲዮን ተዛወርን። ዋጋው ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ አንሶላው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል፤ ሙቅ ውሃው ቧንቧው እንደተከፈተ ይመጣል። ሐይቁ አይታይም፣ በእግር ግን ሩቅ አይደለም። በዋናው መንገድ ያሉት አዳዲስ ፎቆች ሊፍት ስላላቸው ጉልበት ለሚያመው ይሻላሉ፤ የሙዚቃው ድምፅ እንዳይረብሻችሁ በጓሮ በኩል ያለ ክፍል ጠይቁ። የትም ብትሄዱ ሳትከፍሉ በፊት ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱ።

ወደ ጣና ገዳማት ጀልባ ስትይዙ ዋጋውን በሰው ቁጥር ሳይሆን ለሙሉ ጀልባው ተነጋገሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጠዋት ውጡ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ እናት ይዞ የሄደ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይምረጥ። ከጀልባው ወርዶ በቡናው ጫካ ውስጥ ዳገት አለ። እናቴ ሦስት ጊዜ ተቀምጣ፣ አርፋ፣ ደርሳለች።