የመጀመሪያ ከባድ መኪናዬን ለመምረጥ ምክራችሁን እሻለሁ
ውድ ወገኖቼ፣ እዚህ ዳላስ ነዋሪ ስሆን ላለፉት 6 ዓመታት የኩባንያ መኪና ስነዳ ቆይቻለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ባጠራቀምነው 35,000 ዶላር በራሳችን መኪና ለመሥራት ብንወስንም፣ ምርጫው ላይ ሲደርስ ግን ግራ ተጋብቻለሁ።

አንደኛው የ2019 ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ ሲሆን፣ ዲዲ15 ሞተርና አውቶማቲክ ማርሽ አለው፤ 610,000 ማይል የሄደ ሲሆን ዋጋው 48,000 ዶላር ስለሆነ ብድር ያስፈልገዋል። ሌላው የ2016 ኬንዎርዝ ቲ680 ከከሚንስ ሞተር ጋር፣ 840,000 ማይል የሄደ፣ በ33,000 ዶላር ያለ ዕዳ የምገዛው ነው፤ ነገር ግን ለጥገና የሚተርፈኝ 2,000 ዶላር ብቻ ይሆናል። ጭነቴ በአብዛኛው ወደ ሎስ አንጀለስ ነው፤ ካሊፎርኒያ የምትጠይቀውን የ2010 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞተር ግን ሁለቱም ያሟላሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ የዲፒኤፍ (የናፍጣ ጭስ ጥቀርሻ ማጣሪያ) ጉዳይ ነው። ባለፈው ወር ሌላ ርካሽ መኪና ለማየት ሄጄ የጭስ ማውጫውን ውስጠኛ ጠርዝ በጣቴ ስጠርገው ጥቁር ጥቀርሻ ይዞ ወጣ፤ ማጣሪያው ደህና ቢሆን ኖሮ ጣቴ ንጹሕ ሆኖ ይመለስ እንደነበር ስለማውቅ ትቼው ተመለስኩ።

ከዕዳ ነጻ መሆን ይሻላል ወይስ ተበድሮ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በእጅ ማቆየት? ከመግዛቴ በፊት የሞተሩን ዘይት በላቦራቶሪ ከማስመርመርና የኮምፒዩተሩን መረጃ ከማስነበብ ሌላ ምን ላስፈትሽ? የካስኬዲያው ሻጭ እስከ ዓርብ መልስ ስለሚጠብቅ፣ በራሳችሁ መኪና የሠራችሁ ወንድሞችና እህቶች ያያችሁትን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።